ሁለት ፋሲካ በሐርጌሳ

ዕድሜዬን በሙሉ ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ትኬት ስሸጥ ኖሬ ነው ጡረታ የወጣሁት። ሰው ሁሉ በእኔ መስኮት በኩል ወደየሀገሩ ሄደ፤ እኔ ራሴ ግን በስተ ምሥራቅ ከሐረር አልፌ አላውቅም ነበር። ስለዚህ ሐርጌሳ ደርሼ ስመለስ ጎረቤቱ በሙሉ ቤቴን ሞላው። አንዱን ሸኝቼ ሌላውን ስቀበል፣ ያንኑ ወሬ ከመጀመሪያው ስጀምር ምላሴ ደረቀ። በመጨረሻ መጻፉ ይሻላል አልኩ፤ ከእንግዲህ የጠየቀኝ ሁሉ ቁጭ ብሎ ያንብብ።

የሄድኩት ለሽርሽር አይደለም። ታናሽ ወንድሜን ጌታነህን ላመጣው ነው። ጌታነህ ግንበኛ ነው። በልጅነቱ ዲቁና ተቀብሎ ሲያገለግል ድምፁን የሰማ መንገደኛ ቆሞ ይቀር ነበር። ሚስቱ የሞተችበት ጊዜ ግን ድምፁም አብሯት የተቀበረ ይመስል ዝም አለ። ቤተ ክርስቲያን መሳለም ተወ፤ በር ዘግቶ ግድግዳ ግድግዳ ሲያይ ይውላል። ከዚያ አንድ ቀን፣ "ሐርጌሳ ከጦርነቱ በኋላ እንደ አዲስ እየተሠራች ነው፤ ግንበኛ ይፈልጋሉ" ብሎ ሄደ።

አልፎ አልፎ ስልክ ሲደውል የሚለኝ አንድ ነገር ነበር፦ "እትዬ፣ ደስ ብሎኛል፤ አታስቢ።" እኔም አላመንኩትም። ደወል በማይሰማበት፣ ቅዳሴ በሌለበት አገር ምን ዓይነት ደስታ ነው? እህቴ እንዳትጨነቅ ብሎ የሚዋሸው ውሸት ነው አልኩ። በዐቢይ ጾም ማለቂያ ሄጄ በዓይኔ አይቼው፣ ለፋሲካ ይዤው ልመለስ ቆረጥኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ስንቄን ቋጥሬ ተነሣሁ። በሶ፣ ዳቦ ቆሎና አንድ ጠርሙስ ተልባ። "የሱማሌ ምግብ ሥጋና ወተት ብቻ ነው፤ ጾምሽን ትገድፊያለሽ" ብለው አስፈራርተውኛል፤ እኔ ደግሞ በጾም ቀልድ አላውቅም። ሰፈራችን ውስጥ እኔን ማናደድ የፈለገ ሰው ዓርብ ቀን ቅቤ አንጥሮ ሽታውን ወደ መስኮቴ ይለቅብኛል። የደንገጎን ዳገት ወጥተን፣ ሐረርን አልፈን፣ ባቢሌ ላይ ኦቾሎኒ ገዝቼ ስቆረጥም ሁሉም ሰላም ነበር። ካራማራ ላይ ጎማ ተነፈሰ። መለዋወጫው ሲገጠም እሱም ተነፈሰ። ጅጅጋ የደረስነው ጀንበር ስትጠልቅ ነው።

ያረፍኩበት ሆቴል መስኮቱ አይዘጋም፤ የጅጅጋ ነፋስ ደግሞ የታወቀ ነው። ባለቤቷ ሴትዮ መንቀጥቀጤን አይታ የራሷን ፍራሽ ተሸክማ መጥታ መስኮቱ ላይ አቆመችልኝና እሷ ቁርበት ላይ ተኛች። ለፍራሹ ልከፍላት ብፈልግ፣ "ሂጂ እባክሽ፣ ነገ ሆሳዕና ነው" ብላ አባረረችኝ።

እሑድ በማለዳ እዚያው ጅጅጋ ቤተ ክርስቲያን አስቀድሼ፣ ዘንባባዬን በጣቴ ላይ እንደ ቀለበት አስሬ ወደ ድንበሩ ጉዞ ጀመርኩ። ድንበሩ ቶግ ውጫሌ ነው፤ አንዲት ገመድ ናት። በዚህ በኩል ያለው ነጋዴ በዚያ በኩል ካለው ጋር ገመዱ ላይ ተደግፎ ሲጨዋወት ሳይ ሳቄ መጣ። ገመዱን ተሻግሬ ሌላ መኪና ተሳፈርኩ፤ ላንድክሩዘር፣ መሪው በስተ ቀኝ። ለዕድሜዬ ክብር ብለው ጋቢና አስቀመጡኝ። እኛ አገር ሾፌር የሚቀመጥበት ቦታ ላይ መሪ ሳይኖር ተቀምጬ መንገዱን ፊት ለፊት ሳየው፣ መኪናውን እኔ እየነዳሁ መቆጣጠር ያቃተኝ እየመሰለኝ እግሬ ወለሉን ሲረግጥ ዋለ።

መንገድ ማለት እዚያ የለም። እያንዳንዱ ሾፌር በሜዳው ላይ የራሱ መንገድ አለው። ከኋላችን የመጣ የጫት መኪና አቧራውን አልብሶን ጥሎን ሄደ፤ ድሬዳዋም ሐርጌሳም የጫት መኪና ወንድማማች ነው። ግማሽ መንገድ ላይ ስንደርስ ደረቅ ነበር የተባለው ወንዝ ሞልቶ ጠበቀን። የድሬዳዋው ደቻቱ ሲሞላ አይቻለሁና እኔ የመጨረሻ ጸሎቴን መጸለይ ጀመርኩ። ሾፌሩ ግን ምንጣፍ አንጥፎ ወንዙ ዳር ካለው ባለ ሻይ ሻይ አዘዘ። ሻዩ መጣ፤ ከወተት ጋር የፈላ ነው። መለስኩት። ሌላ መጣ፤ እሱም ወተት ነው። ሦስተኛው ሲመጣ አንድ ጺሙን ሂና የተቀባ ሽማግሌ ወደ አፌ እየጠቆመ "ሶም?" አለኝ። ጾም ነው ያለኝ መስሎኝ ራሴን ነቀነቅኩ። ሽማግሌው ባለ ሻዩን ተቆጣው፤ ከኪሱ ቴምር አውጥቶ በእጄ ላይ ዘረገፈልኝ፤ ውሃው እስኪጎድል ድረስም አጠገቤ ተቀምጦ ማንም ወተት ይዞ እንዳይጠጋኝ ጠበቀኝ። የሚያግባባን ቋንቋ አልነበረንም፤ ያን ያህል የጠበቀኝ ዘበኛ ግን ኖሮኝ አያውቅም።

ሐርጌሳ ስንገባ ሊመሽ ተቃርቧል። ከተማዋን ሳያት ድሬዳዋ መሰለችኝ፤ እሷንም ደረቅ ወንዝ መሐሏን ለሁለት ይከፍላታል። ልዩነቱ፣ የእኛ ቤቶች አርጅተው ቆመዋል፤ የእነሱ ገና ሲቆሙ ነው። ጥይት የበሳው ግድግዳ አጠገብ ትናንት የተለሰነ ግድግዳ። በየመንገዱ አሸዋ፣ ጠጠር፣ ሲሚንቶ። ጌታነህ የሚኖረው ማሕሙድ ሃይቤ ሰፈር፣ ኸድራ የምትባል መበለት ግቢ ውስጥ በተከራየው ክፍል ነው። ኸድራ በጦርነቱ ጊዜ ድሬዳዋ ተሰዳ ስለኖረች አማርኛ ታውቃለች። በሩን ከፍታ ገና እንዳየችኝ አቀፈችኝ።

"የጌታነህ እህት አንቺ ነሽ? ማሻ አላህ! አፍንጫችሁ አንድ ነው። ግቢ፣ ግቢ፤ ዒዳችሁ ላይ ደረስሽ!"

"የምን ዒድ?" አልኩ።

መልስ ሳትሰጠኝ ወደ ጓሮው ክፍል ገፋችኝ። በሩ ላይ ጫማ ተከምሯል። ከውስጥ የሚመጣው ሽታ የዶሮ ወጥ ነው። በሩን ስከፍት ደርዘን የሚሆኑ ሰዎች፣ ግንበኛው፣ ቀን ሠራተኛው፣ የቤት ሠራተኛዋ፣ ነጭ በነጭ ለብሰው ትሪ ከበዋል። መካከላቸው ጌታነህ። እየሳቀ ነበር። ከልቡ፣ ጥርሱ ሁሉ እየታየ። እኔ ይህንን ሳቅ ሚስቱን ከቀበርን ወዲህ አላየሁትም ነበርና እግሬ ከደጃፉ አልነቀል አለ።

አስናቀች የምትባል፣ በአንድ የውጭ ድርጅት ቢሮ ምግብ የምታበስል ሴት፣ ለጎረቤት እንዳይሰማ አፏን በነጠላዋ ይዛ እልል አለች። "እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎ፣ እትዬ!"

"ምን?" አልኩ።

"ክርስቶስ ተንሥአ!" አለኝ ጌታነህ፣ ሊያቅፈኝ እየተነሣ።

"ጌታነህ፣" አልኩት፣ "ዛሬ ሆሳዕና ነው።" ጣቴን አነሣሁ። ዘንባባውን ሁሉም አዩት።

ቢያድግልኝ የሚባል አንድ ግዙፍ የጎጃም ሰው፣ ድንጋይ ጠራቢ ነው፣ የዶሮውን ፈረሰኛ አፉ ውስጥ እንደያዘ ቀረ። ከዚያ በሞላ አፉ፣ "እትዬ፣ ይቺን ልዋጣት ወይስ ልትፋት?" አለ። ማንም አልሳቀም።

የሆነው እንዲህ ነው። አስናቀች የምትሠራበት ቢሮ ግድግዳ ላይ የፈረንጅ ካላንደር ተሰቅሏል። ጾሙ መቼ እንደሚገባ ሲጨነቁ እሷ ካላንደሩ ላይ ኢስተር የሚለውን አየች፤ አለቃዋን ጠየቀች፤ አለቃዋም ቀኑን በጣቷ አሳየቻት። አልዋሸቻትም፤ የፈረንጆቹ ፋሲካ ነው። ጌታነህ ከዚያ ወደ ኋላ ቆጥሮ ጾሙን አስገባቸው። የፈረንጅ ፋሲካና የእኛ ሁልጊዜ አንድ ላይ እንደማይውል ዲያቆን ሆኖ ያውቅ ነበር፤ ግን የበዓሉ ቀን የሚወጣበትን ባሕረ ሐሳብ ረስቶት ኖሯል። "ረሳሁት ማለት አፈርኩ" አለ። እሑድ እዚያ የሥራ ቀን ነውና ጎሕ ሳይቀድ ዘምረው፣ ሥራ ውለው፣ ማምሻውን ሊበሉ ሲቀመጡ ነው እኔ ዘንባባ ታጥቄ ከተፍ ያልኩት።

ጌታነህ ትሪውን አንሥቶ ወጣ። ሲመለስ ፊቱን አየሁት፤ ያ ድሬዳዋ በር ዘግቶ የተቀመጠው ሰው ፊት ነው። ደስታው እውነት መሆኑን ላረጋግጥ መጥቼ፣ አንድ ደጃፍ እስክሻገር ያህል አየሁት፤ ከዚያ በራሴ አንደበት አጠፋሁት። ባልናገር ደግሞ አልችልም ነበር። እኔ እንኳን በሆሳዕና፣ በተራ ረቡዕም ዝም አልልም።

ሰኞ እነሱ ሥራ ሲሄዱ እኔ ኸድራ ዘንድ ዋልኩ። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ላሖሕ አቀረበችልኝ፤ እንጀራ የመሰለ፣ ግን ቀጭንና ጣፈጥ የሚል፣ በሰሊጥ ዘይትና በስኳር የሚበላ። ወተት የሌለበት ሻይም አፈላችልኝ፤ ድሬዳዋ ጾመኛ ጎረቤቶች ነበሯት። በስኳር እንጀራ መብላት ኃጢአት ይመስለኝ ነበር፤ ሦስተኛውን ስጠቀልል ግን ሐሳቤን ቀየርኩ።

"ሰዎቹ ትናንት ማን ሞቶባቸው ነው?" አለችኝ።

ነገርኳት። ኸድራ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ተቀየምኩ። "ቆይ፣ አትቆጪ" አለችኝ፣ እንባዋን በጨርቋ ጫፍ እየጠረገች። "እኛ በስደት መንገድ ላይ ሳለን ረመዳን ሊያልቅ ነው። አንድ ሽማግሌ ተራራው ላይ ጨረቃ አየሁ አለ። ያለችንን አንድ ፍየል አርደን ዒድ አደረግን። ወላሂ፣ በጣም ተደሰትን። ለካ ያየው የጭነት መኪና መብራት ነው!"

"አንድ መብራት?"

"አንዱ ዓይኑ የጠፋ መኪና።"

አሁን እኔም ሳቅኩ። "ምን አደረጋችሁ ታዲያ?"

"ምን እናደርጋለን? ቀዷ አወጣን። ያጎደልነውን ቀን በኋላ ጾምን። የበላነውን ፍየል ግን ማን ይመልሰዋል? ደስታውንስ ማን ይመልሰዋል? አላህ ልብ ያያል። ሽማግሌውንም አንድ ሰው አልሰደበውም፤ ‘አቦ፣ መኪና ወጣ እንዴ?’ እያልን ስቀንበት ብቻ ነው።"

ማክሰኞ ማታ ይህንን ለጌታነህ ነገርኩት። አልሳቀም። "እነሱ የተሳሳቱት አንድ ቀን ነው" አለኝ። "እኔ ሰሙነ ሕማማትን በዶሮ ወጥ ነው ያስጀመርኳቸው።" ሌሎቹ እንደ ልማዳቸው ለጸሎት ሲመጡም መጽሐፉን ለቢያድግልኝ ሰጥቶ ከኋላ ተቀመጠ። "ዲያቆን አትበሉኝ። ሌላ ሰው ፈልጉ።" ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ለዚህ ጉዞ ያዘጋጀሁትን ንግግር ጀመርኩ፦ ና እንሂድ፣ እዚህ ምን አለህ፣ አገርህ ቤተ ክርስቲያን አለ። ገና ሳልጨርስ፣ "እሺ፣ ፋሲካ ይለፍና እሄዳለሁ" አለኝ።

የመጣሁበት ጉዳይ ተሳካ። እንደዚያ ሆኖ መሳካቱ ግን ከጅጅጋው ነፋስ የባሰ በረደኝ፤ አንቀላፋሁ እንጂ አልተኛሁም።

ረቡዕ አስናቀች ፈቃድ ወስዳ ከተማውን አሳየችኝ። ለጦርነቱ መታሰቢያ ድንጋይ ላይ የተሰቀለውን የጦር አውሮፕላን አየሁ፤ ገንዘብ እንደ ጡብ ደርድረው መሬት ላይ የሚዘረዝሩትን አየሁ፤ ሰላም ሊለኝ የመጣ ሁሉ ግን አልጨበጠኝም፤ የሕማማት ሳምንት ነውና እጄን ለማንም አልሰጠሁም፤ ባለ ሱቁ ሁሉ የተጣላሁት መስሎት ቅናሽ አደረገልኝ። ስለ ከተማው የምጽፈው ይህን ብቻ ነው፤ ዓይኔ ያየው አስናቀችን ነበር። ከእሑድ ጀምሮ በለቅሶ ፊቷ አብጧል።

"እትዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው" አለችኝ፣ ገበያው ዳር ጥላ ውስጥ ተቀምጠን። "እኔ ባልነግረው..."

"አንቺ ያየሽውን ነው የነገርሽው። ተይው።"

"እንዴት እንዳገኘነው ያውቃሉ? አያሃ የሚባል ሰፈር ነው፤ ከስደት ለተመለሱት ቤት ሲሠሩ። ሲመጣ ዲያቆን መሆኑን ለማንም አልነገረም፤ ዝም ብሎ ይገነባል። አንድ ቀን ቢያድግልኝ ድንጋይ ሲያቀብለው ሳያውቀው ሲያንጎራጉር ሰማው። ውዳሴ ማርያም ነው። ያን ጊዜ እግሩ ላይ ወደቅን። እኛ ክርስቶስ ተንሥአ የሚለን ሰው ካገኘን ዓመታት አልፈውን ነበር። እምቢ አለ። ‘እኔ ራሴ የማላምነውን አልላችሁም፤ ሚስቴን ቀብሬ ነው የመጣሁት’ አለን። ቢያድግልኝም፣ ‘እኛ እናምንልሃለን፤ አንተ ድምፅህን ብቻ ስጠን’ አለው።"

"ከዚያስ?"

"የዚያ ዓመት ፋሲካ ደረሰ። በዝግ ቤት፣ በቀስታ ጀመረ። አንድ ጊዜ ሲል እኛ ተቀበልነው። ሁለተኛ ሲል ድምፁ ተሰበረ። ሦስተኛው ላይ አለቀሰ፤ እያለቀሰም ሳቀ። ‘ተነሥቷል ማለት፣ የኔዋም ትነሣለች ማለት ነው’ እያለ። እኛ ያስተማረን መስሎናል፤ እሱ ግን ያን ቀን ከኛ አፍ ነው የሰማው። ከዚያ ወዲህ ግንብ ላይ ሆኖ ሲዘምር ሱማሌዎቹ እንኳ ‘ደስተኛው ግንበኛ’ ነው የሚሉት።" እንዲህም ጨመረች፤ "ይዘውት ከሄዱ እኛ አንጠፋም፤ እግዜር ያውቀናል። እሱ ግን ያንን ደስታ እዚህ ጥሎት ነው የሚሄደው። ይዞት ቢሄድ አልቆጭም ነበር።"

ነጠላዬን አጣፍቼ፣ "ነይ፣ ወደ ቤት እንሂድ" አልኳት።

ሐሙስ ጉልባን ልሠራ ተነሥቼ ባቄላ ገበያው ውስጥ ጠፋ። ኸድራ ሰምታ የራሳቸውን አምቡሎ ቀቅላ አመጣችልን፤ ቀይ ትንንሽ አደንጓሬ ነው፣ ሰሊጥ ዘይትና ስኳር ይነሰነስበታል። እንደገና ስኳር! እንግዲህ ያ ሕዝብ ጨው የሚወደው ሻይ ውስጥ ይሆን እያልኩ በላሁ። ጌታነህ አልቀመሰም፤ ከሰኞ ጀምሮ ከውሃና ከቆሎ በቀር አፉ አልገባም።

ዓርብ እዚያ አገር የዕረፍት ቀን ነው። እኛ ለስቅለት ፈቃድ መጠየቅ የለብንም፤ ከተማው በሙሉ ሥራ ፈትቶልናል። ኸድራና ቤተሰቧ ለጁምዓ ሲወጡ እኛ በጓሮው ክፍል ስግደት ጀመርን። ከመስጊዱ የሚመጣው ድምፅ ግድግዳውን አልፎ ይሰማል፤ ያን ሰዓት ሐርጌሳ ውስጥ ቆሞ የቀረ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ። ስግደቱን የሚመራው ቢያድግልኝ ነው፤ ሲቆጥር እየጠፋበት ከመጀመሪያው ይጀምራል፤ ጉልበቴ የእሱን ሒሳብ ሲከፍል ዋለ። በመጨረሻ ዘፍ ብሎ ተቀመጠና፣ "ይቅር ይበለኝ፤ ላለቅስ ብሞክር እምቢ አለኝ" አለ። "ሌላ ጊዜ በስቅለት አለቅስ ነበር። ዘንድሮ ባለፈው እሑድ መነሣቱን ስለዘመርነው፣ ሐዘኑ መጨረሻውን እያወቅኩት እንደሚነገር ወሬ ሆነብኝ።"

ማንም አልገሠጸውም። ሁላችንም እንደዚያው ነበርን። እኔ በሕይወቴ ሙሉ ሕማማትን የጾምኩት ፋሲካ ገና ሩቅ እንደሆነበት ሰው ነበር፤ ፊቴን አጨፍግጌ። እዚያ ክፍል ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ፍጻሜውን እያወቅኩ ሰገድኩ።

አገር ቤት በስቅለት ስግደቱ ሲያበቃ ቄሱ ምእመኑን በወይራ ቅጠል ጀርባውን እየነካ፣ በደሉን የተናዘዘውን ይህን ያህል ስገድ ይለዋል። እዚያ ቄስ የለም። ጌታነህ ግን ወጥቶ ከኸድራ ግቢ የኒም ቅርንጫፍ ቆርጦ መጣና መሐላችን ተንበረከከ።

"ያሳሳትኳችሁ እኔ ነኝ። ምቱኝ" አለ።

ሁሉም ወደ ኋላ አፈገፈጉ። "እኛ ማን ነንና ዲያቆን እንመታለን?" አለች አስናቀች። ቅርንጫፉ ከእጅ ወደ እጅ ሲሸሽ ቆይቶ እኔ ዘንድ ደረሰ።

"አምጡት" አልኩ። "እኔ ቄስ አይደለሁም፤ ሥርየትም አልሰጥም። ግን ይህን ልጅ በሕፃንነቱ የገረፍኩት እኔ ነኝ፤ ጀርባውን አውቀዋለሁ።" አንድ ጊዜ ነካሁት። "ይቺ ባሕረ ሐሳቡን ለረሳህበት።" ሁለተኛ ነካሁት። "ይቺ ረሳሁ ለማለት ላፈርክበት።" ሦስተኛውን ጠበቅ አደረግኩት። "ይቺ ደግሞ በአንድ ሳምንት ስሕተት ደስታህን እንደ ተበላሸ ሲሚንቶ ለደፋህበት!"

ቢያድግልኝ ከጥግ ሆኖ፣ "እትዬ፣ ለዶሮዋም አንድ ይጨምሩለት፤ ጨው በዝቶባት ነበር" አለ።

በስቅለት ቀን መሳቅ ነውር ነው። ሳቅን። አስናቀች አፏን በነጠላ ይዛ፣ እኔ ቅርንጫፉን እንደያዝኩ፣ ሁላችንም። ጌታነህ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ቀና ሲል ግን ሁለቱንም እያደረገ ነው።

"ባለፈው እሑድ የዘመርኩት ‘ከእንግዲህ ደስታና ሰላም ሆነ’ ብዬ ነው" አለ፣ ዓይኑን በክንዱ እየጠረገ። "ከእንግዲህ ያልኩትን አንድ ማምሻ እንኳ አላሳደርኩትም። እኔ በትክክል መቁጠሬ መስሎኝ ነበር ያስደሰተኝ፤ እንዲህ ቢሆን ኖሮማ ሚስቴ የሞተች ጊዜም ደስ ይለኝ ነበር፤ ያን ጊዜ በትክክል እቆጥር ነበርና።" ከዚያ ተነሥቶ መጽሐፉን ከቢያድግልኝ እጅ ተቀበለ። "ከየት ነው የጠፋብህ?" አለው። ቢያድግልኝም በደስታ አስረከበው።

ቅዳሜ ለምለም ቄጠማ ፍለጋ ገበያውን አዳረስነው። ቄጠማ የለም። አስናቀች የሽንኩርት ቅጠል ገዝታ መጣች፤ ሁላችንም የሽንኩርት ቅጠል በራሳችን ላይ አሰርን፤ ቢያድግልኝ ሲርበው የራሱን በላው። ማምሻውን ኸድራ አንድ ቀይ አውራ ዶሮ እግሩን አስራ አመጣች። ያለፈው እሑድ ድግስ ያላቸውን ሁሉ ጨርሶ ነበርና በሽሮ ሊፈስኩ ነበር ያሰቡት።

"ነፍስ ያለው ነው የሰጠኋችሁ" አለች። "የእኔን ቢላ እንደማትበሉ አውቃለሁ፤ እናንተው ባርካችሁ እረዱት። ለሁለተኛው ዒድ።" ከዚያ ወደ ጌታነህ ዞራ፣ "አቦ፣ ዛሬስ ጨረቃ ነው ወይስ መኪና?" አለችው። ጌታነህ እስኪያስለው ሳቀ።

እሑድ ጎሕ ሲቀድ ተሰበሰብን። በሩ ተዘግቷል፤ ሁላችንም ጧፍ ይዘናል። ጌታነህ ቆመ፤ ግን አልጀመረም። አስናቀች ወደ መሬት እያየች፣ "ዲያቆን፣" አለች፣ "ባለፈው ብለነዋል። አሁን እንደገና ብንለው... ዘንድሮ ሁለቴ ተነሣ ማለት አይሆንብንም?"

"አንዴ ነው የተነሣው" አላት። "እኛ ነን ሁለቴ የሰማነው።"

ከዚያ ጀመረ። ለጎረቤት ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገው፤ እንደዚያም ሆኖ ያ ድምፅ ድሬዳዋ ሳለን የማውቀው ድምፅ አልነበረም። ያኛው ያምር ነበር። ይኸኛው ሰውየውን ከነሐዘኑ ተሸክሞ ይነሣል። ስንቀበለው አፌን ብቻ ልሰጥ ነበር ያሰብኩት፤ ሌላ ጊዜ እንደማደርገው። ሳላስበው አለቀስኩ። በፋሲካ አልቅሼ አላውቅም፤ ጾሜን በመጨረሴ እረካ ነበር እንጂ።

ጠዋት ሁሉም የሥራ ልብሱን ለብሶ ወጣ። እኔም ስንብት ብዬ እስከ አያሃ ሸኘኋቸው። አለቃቸው የሆነ ሱማሌ ሰውዬ ሲያያቸው ግራ ገብቶት አማርኛ በሚያውቅ አንድ ሠራተኛ አስተርጉሞ፣ "ያለፈው እሑድ ዒድ ነው አላችሁኝ። ዛሬም ፊታችሁ ዒድ ነው። የትኛው ነው?" አላቸው። "ሁለቱም" አለው ቢያድግልኝ። ሰውየው ራሱን ነቀነቀና ሻይ አዘዘላቸው፤ ወተት ያለበት። ጠጣሁት። ሁለት ብርጭቆ ጠጣሁ።

ጌታነህ ግንቡ ላይ ከመውጣቱ በፊት ወደ እኔ መጣ። "እትዬ፣ ባለፈው ማክሰኞ ማታ እሄዳለሁ ብዬሽ ነበር። ቃሌን አላጥፍም፤ ዕቃዬን ልሰብስብ?"

"ማን ጠየቀህ?" አልኩት። "ሂድና ሥራህን ሥራ።"

አቅፎኝ ወጣ። ስሄድ ድንጋይ ሲቀበል ሲያንጎራጉር ይሰማኝ ነበር።

ሰኞ ተነሥቼ ማክሰኞ ቤቴ ገባሁ፤ በመንገድ ላይ የተነፈሰው ጎማ አንድ ብቻ ነው። አሁን ሰው ሁሉ ቡናዬን እየጠጣ፣ "ወንድምሽን ሳታመጪው ቀረሽ? ምነው ጨከንሽበት?" ይለኛል። እኔም መልሴ አንድ ነው። ያዘነ ሰው ቢሆን ኖሮ አጽናናለሁ ብዬ አመጣው ነበር፤ ደስ ያለውን ሰው ግን ምን ብዬ ላምጣው? አሁንማ ሲደውል፣ "ደስ ብሎኛል" ከማለቱ በፊት እኔ እቀድመዋለሁ፤ "እኔም ደስ ብሎኛል፣ አታስብ" እለዋለሁ። እሱ ያምነኛል።